ወደ ደብረ ብርሃን ልንገባ ነው፣ አትክልቶቼን ከውርጭ እንዴት ላትርፋቸው?

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ባለቤቴ ሥራው ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሮ ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ጠቅልለን ልንወጣ ነው፣ እኔን የጨነቀኝ ግቢዬ ነው። ፓፓያ አለኝ፣ ሙዝ አለ፣ የማንጎ ችግኝ፣ ከዘጌ ያመጣኋት ቡና በባልዲ፣ ቡገንቪልያ ደግሞ በቫዞ። የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ኅዳር ላይ ውርጩ ባቄላውን እንኳ ይመታዋል እያለ ያስፈራራኛል። የትኛውን ልውሰድ? ሦስት አራት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ይቆለፍባቸዋል እንዴ?

ባሶና፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። አልዋሹሽም፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ናት እኛ ወደ 2,800 እንጠጋለን፣ በ1,000 ሜትር ደግሞ 6 ዲግሪ አካባቢ ይቀንሳል፣ በዛ ላይ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ የሚለቅልን እንደ ጣና ያለ ውሃ የለንም። ግን የኛ ብርድ የሌሊት ነው፣ ቀን ፀሐዩ ይለበልባል። ማታ ሰማዩ ሲጠራ መሬቱ ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ይጨርስና ሊነጋጋ ሲል አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ደመና ካለ ወይ ከነፈሰ ተኚ፣ ኮከቡ ቁልጭ ብሎ ቅጠል የማይነቃነቅ ከሆነ ያኔ ፍሪ። ስለዚህ መቆለፍ ምን አመጣው፣ በዕቃ ያለውን ማታ በረንዳ ጣሪያ ሥር ግድግዳ አስጠግተሽ ጠዋት ማውጣት ነው። ጣሪያው ራሱ ብዙ ያድናል።

አቤ፦
ምን ያስጨንቃል፣ ማታ ማታ ላስቲክ ማልበስ ነው እኮ

ጋሽ ችግኝ፦
አቤ ላስቲክ ቅጠሉን ከነካ እዛው የነካበት ላይ ይመታዋል፣ ጠዋት ካልተነሳ ደግሞ ፀሐይ ይቀቅለዋል። ልጄ አንቺ እንጨት ተክለሽ ከላይ አሮጌ አንሶላ ወይ ጆንያ እስከ መሬት ድረስ ጣይበት፣ ከመሬት የሚወጣው ሙቀት እዛው እንዲቀር ነው፣ ሲነጋ አንሺው። ውርጭ ይመጣል ያልሽ ቀን ከሰዓት መሬቱን አጠጪ፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ከመስከረም በኋላ ዩሪያ የሚባል እንዳትሰጪ፣ ለጋ ቅጠል ያወጣና መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፓፓያውን ለጎረቤት ስጪ፣ ግንዱ ውሃ ነው፣ ብርድና እርጥበት ሲገናኙበት ከሥሩ ይበሰብሳል። ማንጎውም ለጋ ስለሆነ አንድ ክፉ ሌሊት ይበቃዋል፣ ቢተርፍም እዛ ፍሬ አታይበትም፣ ምን ያደክምሻል። ሙዙ ከጎኑ ካወጣቸው ልጆች አንዱን ከነሥሩ ነቅለሽ ቅጠሉን ቆርጠሽ ውሰጂ፣ ላዩ ቢመታ ከሥር ያቆጠቁጣል። የምትፈልጊው ሰፊ ቅጠሉን ከሆነ ግን እንሰት ትከዪ፣ የሙዝ ዘመድ ነው፣ ብርድ ከሙዝ የተሻለ ይችላል፣ ለድፎሽም ኮባ አገኘሽ። ቡናዋ ውርጭ ጨርሶ አትችልም፣ ማታ ማታ ቤት ትደር። ዘጌ የለመደችው የዛፍ ጥላ ስለሆነ ቀንም መስኮት አጠገብ ብትውል አይከፋትም።

ሚኒሶታ ነኝ፦
የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ እዚህ ክረምቱ ወራት ስለሚፈጅ ቡገንቪልያዬን ቤት አስገብቼ ነው የማሳልፈው። ቅጠሏን ብታራግፍ ሞተች ብለሽ እንዳትጥያት፣ ግንዷን በጥፍርሽ ጫር አድርጊው፣ ከልጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነ አለች። ቅጠል በሌላት ጊዜ ውሃ ቀንሺባት፣ ብዙ ተክል የሚሞተው ከብርዱ ይልቅ አዝነንለት በምናጠጣው ውሃ ነው።

ባሶና፦
ልክ ነው። የጠቆረውንም ቅጠል ቶሎ አትቁረጪ፣ የደረቀው የታችኛውን ይሸፍናል፣ የካቲት ላይ ታጸጂዋለሽ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፓፓያና ማንጎው ለአከራዬ ቀሩ፣ ቡናዋን ግን ሞቼ እገኛለሁ አልተዋትም። ዕቃው በአይሱዙ ነው የሚሄደው፣ ከላይ ትጫን ወይስ እኔ አቅፌያት ልሂድ?

ጋሽ ችግኝ፦
ከላይ ካልተሸፈነች ንፋሱ ቅጠሏን ያደርቀዋል፣ አባይ በረሃ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ዋዜማውን አጠጥተሽ ቅጠሏን በአንሶላ ጠቅልለሽ ጋቢና አስገቢያት፣ ሾፌሩን ለምኚው።