ግምጃ ቤት የከረመው ጠመንጃ፦ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

አወያይ፦ እንደምን ዋላችሁ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች እየተሸጡ ነው። ከመካከላቸው የጣሊያን ሥራ የሆኑት ካርካኖና ቬተርሊ ይገኙበታል። መሸጣቸው ትክክል ነው? ስድብ አይፈቀድም፤ ፎቶ ይፈቀዳል።

የቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፦ እኔ ልጀምር። የዕድሜዬን እኩሌታ ያሳለፍኩት መጋዘን ውስጥ ነው። እናንተ «ቅርስ» የምትሉትን ጠመንጃ በእጄ እያነሣሁ ቆጥሬዋለሁ። ሰደፉን ምስጥ በልቶታል፤ መቀርቀሪያው ዝጎ ካልተመታ አይከፈትም፤ ማንገቻው ሲነኩት ይፈረፈራል። ካርካኖ ደግሞ ስድስቱን ጥይት አቅፎ ካዝናው ውስጥ የሚገባው ቆርቆሮ ከሌለው ካዝናው ጥይት አይዝም። ያንን ቆርቆሮ ከየት ታመጣላችሁ? ለሙዚየም አሥር ይበቃል። የቀረው በውጭ ምንዛሪ ቢሸጥ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? የጠላት ፋብሪካ የሠራውን ብረት ማን ቅርስ አደረገው?

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «የጠላት ብረት» ያሉት አመመኝ። አያቴ ጠመንጃውን ከሱቅ አልገዛውም። ተኩሶ፣ ሮጦ፣ ከወደቀው ሰው እጅ አላቅቆ ነው የወሰደው። የጣሊያኑ የቴርኒ ፋብሪካ ቢሠራውም ዋጋውን የከፈለው እኛ ቤት ነው። ለመሆኑ ኬኔዲ የተገደለበት ካርካኖ፣ ቴርኒ እ.ኤ.አ. በ1940 የሠራው፣ ዛሬ የት እንዳለ ያውቃሉ? በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት! እነርሱ የሰው አገር ጠመንጃ ያስቀምጣሉ፤ እኛ እንሸጣለን።

የቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፦ ያስቀመጡት አንድ ነው፣ ልጄ። መጋዘን ሙሉ አይደለም።

ከቨርጂኒያ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ፤ እኔ ከተሸጡት አንዱን ገዝቻለሁ። ቬተርሊ ነው። እዚህ አገር በፌዴራሉ ሕግ እስከ እ.ኤ.አ. 1898 ድረስ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ስለሆነ ግዢው ቀላል ነበር። ሻጩ «የዓድዋ ምርኮ» ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ እውነቱን ለመናገር እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የተቀበልኩት። ሳጸዳው ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። አፈሙዙን በባትሪ ሳየው ሁለት ቀለበት አለው፤ በወፍራሙ በርሜል ውስጥ ሌላ ቀጭን በርሜል የገባበት ይመስላል። ይህ ምንድን ነው?

የታሪክ መምህርት፦ ወንድሜ፣ ሻጩ ወይ ዋሽቶሃል ወይ አላወቀም። ቬተርሊ ሲሠራ አፉ 10.4 ሚሊሜትር ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር በአብዛኛው የያዘው እርሱን ነው። ካርካኖ ያኔ ወጥቶ ነበር፤ መንግሥታቸው ግን የተከማቸው የድሮ ጥይት እንዲያልቅለት አሮጌውን አስታጥቆ ላካቸው። እስከዚህ ሻጩ ልክ ነው እንበል።

እ.ኤ.አ. በ1915 ጣሊያን አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ ጠመንጃ አጠራት። ፋብሪካዎቿ የሚያወጡት ካርካኖ ለሠራዊቷ አልበቃ አለ። ስለዚህ ጡረታ የወጡትን ቬተርሊዎች ከመጋዘን አውጥተው በርሜላቸውን ሰረሰሩ፤ ውስጡ የ6.5 ሚሊሜትር ቱቦ ከተቱ፤ የካርካኖን ጥይት እንዲጎርሱም ከሥር ሌላ ካዝና ገጠሙላቸው። ያየኸው ሁለተኛ ቀለበት ያ ቱቦ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ዓድዋ ላይ የተማረከ ጠመንጃ ከሃያ ዓመት በኋላ ጣሊያን ፋብሪካ ተመልሶ እንዴት ቱቦ ይገባለታል? ያንተ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምናልባት በአስካሪ፣ ማለት ለጣሊያን ባደረ የቅኝ ግዛት ወታደር፣ ትከሻ ላይ፣ ምናልባትም በ1928ቱ ወረራ። አደራ ግን እንዳትተኩስበት! መቀርቀሪያው ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ነው፤ የ6.5ቱን ጥይት ግፊት ሲችል ኖሮ አንድ ቀን እንቢ ይላል።

ከቨርጂኒያ፦ አይ ጉዴ። ለቤተሰቡ ሁሉ ዓድዋ ብዬ አሳይቻለሁ።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ታዲያ የአምስቱ ዓመት ምርኮ ቢሆን ያንሳል?

የታሪክ መምህርት፦ አያንስም። የእኔ ጭቅጭቅ ሌላ ነው። ካርካኖን ብታነሡ በርሜሉ ላይ ፋብሪካውና ዓመቱ ተመትቶበታል፤ አንዳንዱ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር አለ፤ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የሚቆጥሩት የራሳቸው ዘመን ነው። አሥራ አራት የሚል ካገኛችሁ ጠመንጃው የተሠራው እኛን በወረሩበት ዓመት ነው ማለት ነው። ይህ ሁሉ ብረቱ ላይ አለ። ብረቱ የማይናገረው ማን ማረከው፣ ከየት አውራጃ ገባ፣ ማን አስረከበ የሚለውን ነው፤ ያ ያለው መዝገብ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ቅርስ መሆኑን የሚለየው ሰው ግን ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት መክፈት ነበረበት። ጋሼ፣ እርስዎ ሲቆጥሩ ምን ብለው ነበር የሚመዘግቡት?

የቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፦ እውነቱን ልንገርሽ? «ልዩ ልዩ አሮጌ ጠመንጃ»፤ ከዚያ ብዛቱን። ቅጹ ላይ የነበረው መስመር አንድ ነው። አሁንም ቢሆን ይሸጥ ባይ ነኝ፤ ምስጥ ከሚበላው። ግን አዎ፣ ቁጥሩንና ምልክቱን መጻፍ እንችል ነበር። ጊዜም ነበረን፤ ከሰዓት በኋላ ዳማ ነበር የምንጫወተው።

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ሆሆ! የአያቴ ጠመንጃ በዳማ ጠፋች በሉኛ።

ከቨርጂኒያ፦ እንግዲያው ይህንንም ልጠይቅ። ሰደፉ ላይ በጩቤ የተቀረጸ ነገር አለ። «ወ» እና «ገ» ይመስለኛል፤ ከሥሩ ሰባት ጭረት። የሰው ስም ነው?

የአርበኛ የልጅ ልጅ፦ ጭረቶቹ የገዳይ ናቸው!

የቀድሞ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፦ አትቸኩል። ጭረት እኛም እንቀርጽ ነበር፤ የመደርደሪያ ቁጥር። በቀለም የተጻፈ ነገር ካለበት የመጋዘን ነው። ልጄ፣ የሰደፉን ሌላኛውን ጎን፣ ከማንገቻው ቀለበት በላይ ያለውን፣ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝማ።