ከግድባችን ግርጌ የሚወጣው ውኃ ደፈረሰ፤ ምን እናድርግ?

የተከበራችሁ የውኃ ምህንድስና ባለሙያዎች፣

የምጽፍላችሁ ከጎንደር በስተደቡብ፣ የመገጭ ወንዝ በክረምት ከሚያጥለቀልቀው የደምቢያ ሜዳ ዳር ካለች መንደር ነው። ማሳችንን ከጎርፍ ለመከላከል በሕዝብ ጉልበት የተሠራውና ቁመቱ 5 ሜትር የሚሆነው የአፈር ግድባችን ካለፈው ሳምንት ወዲህ ከግርጌው ውኃ ያፈልቃል። ጥቂት ስርገት በአፈር ግድብ ላይ የተለመደ መሆኑን ስለማውቅ በመጀመሪያ አልደነገጥሁም፤ ከትናንት ጀምሮ ግን ውኃው ደፍርሷል፤ ይህም የግድቡ አፈር ከውስጥ እየታጠበ መሆኑን ያመለክታል። በበጋ መረሬው አፈር ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አይቼ ነበር፤ ያኔ አለመናገሬ ይቆጨኛል።

ጎረቤቶቼ ቀዳዳውን በጭቃ እንድፈነው ይላሉ። እኔ ግን የታፈነው ውኃ ሌላ መውጫ ይፈልጋል ብዬ ስለምሰጋ፣ መጀመሪያ አሸዋ፣ በላዩም ጠጠር ደልድለን አፈሩን አስቀርቶ ውኃውን እንዲያሳልፍ ብናደርግ ይሻላል ባይ ነኝ። ውፍረቱ ምን ያህል ይሁን? የተጠራቀመውን ውኃ ማጉደል ካስፈለገስ፣ በፍጥነት ሲቀንስ በውኃው በኩል ያለው ተዳፋት እንዳይናድ በቀን ስንት ሳንቲሜትር እናውርድ?

ከግድቡ በታች ያሉት 14 ቤተሰቦች ሌሊት ሌሊት ከፍ ወዳለው ቦታ ሄደው እያደሩ ነው። መጥቶ የሚያይልን ባለሙያ ካለ መንገዱን እኛ እንመራለን።