«ሪሜምበር» ነው «ሪማይንድ»? ቶሎ በሉኝ!

ባለጉዳዩ፦ ኧረ ድረሱልኝ! ኢሜይሉ አሁኑኑ መሄድ አለበት። ለአለቃዬ «ፕሊዝ ሪሜምበር ሚ አባውት ዘ ሪፖርት» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ አይቶ ሳቀብኝ። ምን አጠፋሁ? ሁለቱም «አስታወሰ» አይደሉ እንዴ?

ቀልደኛው፦ ልትሞት ነው እንዴ? «ሪሜምበር ሚ» እኮ «አትርሱኝ» ነው። ነፍስ ይማር።

ባጭሩ፦ «ሪማይንድ ሚ» በለው፣ ላከው፣ ተገላገል።

መምህሩ፦ ወንድሜ፣ ረጋ በል። «ሪሜምበር» እዚያው ጭንቅላትህ ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። «አይ ሪሜምበር ዩር ፌስ» ስትል መልኩ ትዝ ይልሃል፤ ቀስቃሽ አላስፈለገህም። «ሪማይንድ» ግን አስታዋሽ ይፈልጋል፤ ሰውም ይሁን ስልክ። ማንን እንደሚያስታውስም ወዲያው መጥራት አለብህ፦ ሚ፣ ዩ፣ ሂም። «አይ ሪማይንደድ ዛት...» ብለህ ሰውየውን ከዘለልክ ዓረፍተ ነገሩ ያነክሳል። በዚያው ላይ «ሪሜምበር ቱ ሎክ ዘ ዶር» ማለት በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ ነው። «አይ ሪሜምበር ሎኪንግ ዘ ዶር» ግን መቆለፌ ትዝ ይለኛል...

ባለጉዳዩ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በሩን ተወውና ሪፖርቱን!

እልኸኛው፦ «ሁለቱም አስታወሰ ናቸው» ያልከው ራሱ አይዋጥልኝም። እኛስ «ትዝ አለኝ» እና «አስታወሰኝ» እንለይ የለ? «ትዝ አለኝ» የሚያስኬድህ ቦታ ላይ ሪሜምበር በል፤ «አስታወሰኝ» ላይ ሪማይንድ። አለቀ።

ነገር ፈላጊ፦ «ሪሜምበር ሚ ቱ ዩር ማዘር» ይባል የለም እንዴ?

መምህሩ፦ ይባላል። «እናትህን ሰላም በልልኝ» ማለት ነው። ወጉ ትንሽ የድሮ ነው። ለሪፖርት አይሆንም።

ባጭሩ፦ «ሪማይንድ ሚ» አልኩ እኮ።

ዘግይታ የመጣች፦ ቆይ፣ ማነው ማንን የሚያስታውሰው? አለቃህ አንተን ነው ወይስ አንተ እሱን?

ባለጉዳዩ፦ እኔ እሱን ነዋ! ሪፖርቱን እንዲፈርምልኝ።

ዘግይታ የመጣች፦ ታዲያ «ሪማይንድ ሚ» ካልከው «አስታውሰኝ» አልከው እኮ! ሥራውን መልሰህ ጫንክበት። «ጀስት ኤ ኩዊክ ሪማይንደር ቱ ሳይን ዘ ሪፖርት» በለው። አጭር ነው፣ ለአለቃም ለስለስ ይላል። «አይ ዉድ ላይክ ቱ ሪማይንድ ዩ» ማለትም ትችላለህ፤ ትንሽ ጠንከር ይላል። ብቻ «ዩ ሪማይንድ ሚ ኦፍ ዘ ሪፖርት» እንዳትለው። «አንተን ሳይ ሪፖርቱ ትዝ ይለኛል» ማለት ነው።

ቀልደኛው፦ እሱ ግን እውነት ሊሆን ይችላል።

እልኸኛው፦ ባለጉዳይ፣ ላክኸው?

ባጭሩ፦ ኧረ የኔን ቀድሞ ልኮት እንዳይሆን።