ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ) ሳወጣ ነው የምከለከለው፣ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

የቅዳሜ ጉም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላንድስኬፕ (የተፈጥሮ ገፅታ ፎቶ) ማንሳት በጣም ነው የምወደው፣ ስራዬ ሌላ ነው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እንጦጦ ወይ ሱሉልታ ወጣ እላለሁ፣ ሲመቸኝ ደግሞ ወንጪና ደብረ ሊባኖስ ድረስ። ያለኝ ያገለገለ ካኖን 700ዲ ከ18-55 ሌንሱ ጋር ነው፣ ትራይፖድም አለኝ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በስልክ የሚያነሳውን ሰው ማንም ምንም አይለውም። እኔ ገና የትራይፖዱን እግር ስዘረጋ "ፈቃድ አለሽ ወይ?" ይመጣል። በቀደም አንድ ኮረብታ ላይ ሆኜ ታች ያለው ሸለቆ በጉም ሞልቶ፣ የባህር ዛፎቹ ጫፍ ብቻ ከጉሙ በላይ ብቅ ብሎ፣ ፀሐይዋ እነሱን ገና መንካት ስትጀምር አንድ ጥበቃ መጥቶ ካሜራውን ዝጊ አለኝ። ፊት ለፊቴ አጥር የለ፣ ህንፃ የለ፣ ሸለቆ ነው። በስነ ስርዓት አስረዳሁት፣ ስክሪኑን አሳየሁት፣ አልሰማኝም፣ አጥፊው አለኝ አጠፋሁት። ንግግራችን ሳያልቅ ጉሙ ተበትኖ አለቀ። እውነት ለመናገር አልቅሼ ነው የተመለስኩት።

ሌላው የአደይ አበባ ነገር ነው። አንድ ሰው ቦታውን ጽፎ ከለጠፈ በሳምንቱ ሜዳው በሰው ይሞላል፣ መሃል ገብተው ተኝተው ሲነሱ አበባው ተረጋግጦ ምንጣፍ ይሆናል። ፎቶ ስለጥፍ የቦታውን ስም ልጻፍ ወይስ ልተው? ሁለቱም ከልቤ የሚያስጨንቁኝ ነገሮች ናቸው።

አባ መነፅር፦
እህቴ አይዞሽ፣ ይሄ ሁላችንም የምናልፍበት ነው። እኔ ብዙ ዓመት ሆኖኛል ካሜራ ከያዝኩ፣ ያዋጣኝ መንገድ አንድ ነው፣ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እያለ ሰው ሰላም ማለት። እረኛም ይሁን ጥበቃ ወይ ማሳው ዳር ያሉ አባት፣ "እንዴት አደሩ፣ ይቺን ተራራ ላነሳ ነው የመጣሁት" ብለሽ ቀድመሽ ከነገርሻቸው ጠያቂዋ አንቺ ነሽ፣ ተጠያቂ አይደለሽም። ገጠር ከሆነ ከሰፈሩ አንድ ልጅ መንገድ እንዲያሳይሽ ይዘሽ ተገቢውን ክፈይው፣ ወንጪ ላይ አስጎብኚም ፈረስም ከአካባቢው ሰው ነው የሚገኘው። ስሜን ተራሮች ከሄድሽ ደግሞ ደባርቅ ላይ ከፍለሽ ስካውት (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) ይዘሽ ነው የምትገቢው፣ እዛ ጭላዳውን በቅርብ ብታነሺ የሚናገርሽ የለም።

የጦር ካምፕ፣ ግድብ፣ ትልቅ ድልድይ፣ የቴሌ ማማ ያለበት አቅጣጫ ግን በስህተትም አታዙሪ። ድሮን ያለ ኢንሳ (የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደር) ፈቃድ ጭራሽ አይታሰብም። እና እባክሽ እንጦጦ ጨለማ እያለ ብቻሽን አትውጪ፣ ጅብም አለ ሰውም አለ፣ ሁለት ሶስት ሆናችሁ ሂዱ።

ሰፊው ሌንስ፦
ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ እኔ የምጨምረው ስለ ትራይፖዱ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ እኮ አያስፈልግሽም። በ18 ሚሊሜትር፣ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ አድርገሽ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 200 ወይ 400 ብትይው በእጅ በደንብ ይነሳል፣ አይኤስ (የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያስተካክል) ያለው ሌንስ ከሆነማ በጣም ቀላል ነው። ከዛ በፊት ላለው ደብዛዛ ብርሃን እኔ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ምስር ሞልቼ እይዛለሁ፣ ድንጋይ ላይ ታስቀምጫታለሽ፣ ካሜራውን በሌንሱ ጫን ታደርጊባታለሽ፣ ምስሩ ቅርፁን ይዞ ቀጥ ያደርገዋል፣ የ2 ሰከንዱን ታይመር ትለቂና እጅሽን ታነሺያለሽ። መዝጊያው አንድ ሰከንድ ድረስ ተከፍቶ ቢቆይም ፎቶው ጥርት ብሎ ይወጣልኛል። ሰውም ዞር ብሎ አያይሽም ምክንያቱም ቁጭ ብለሽ ነው የምታነሺው።

ብርሃኑ ደግሞ የኛ አገር ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ፈረንጆቹ ዩቲዩብ ላይ እንደሚያሳዩት ረጅም ወርቃማ ሰዓት (ፀሐይ ዝቅ ብላ ብርሃኗ ለስላሳ የሚሆንበት ጊዜ) የለንም። በጥቅምት 12 ሰዓት ከ10 አካባቢ ብትወጣ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ ብርሃኑ መጠንከር ይጀምራል። ስለዚህ ቀን ሄደሽ ቦታሽን አይተሽ፣ ጥበቃውንም ተዋውቀሽ፣ በሌላ ቀን በጠዋት መመለስ ነው የሚሻለው። ያቺን ግማሽ ሰዓት በክርክር ማቃጠል ያሳዝናል።

የመንዝ ልጅ፦
እኔ ስለ አበባው ልናገር። በኔ በኩል ስሙን አትጻፊ፣ "ሰሜን ሸዋ" ወይ "ሱሉልታ አካባቢ" ካልሽ በቂ ነው። አደይ በየዓመቱ ከዘር ነው የምትበቅለው፣ ዘሯን ሳትጥል ከተረገጠች በሚቀጥለው መስከረም እዛ ቦታ ትሳሳለች። ማሳ ዳር ከሆነ ደግሞ የሚረገጠው የገበሬው ጤፍ ጭምር ነው። እኛ ጋ የጓሳ ሳር እስከዛሬ የቆየው አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የድሮ የጋራ መሬት አጠባበቅ ስርዓት ለዓመታት እየዘጉ፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ስላጨዱት ነው፣ ቀይ ቀበሮውም የተረፈው በዛ ነው። የሚያምር ቦታ ያገኘ ሰው ሁሉ ለህዝብ ካላወጅኩ ማለቱ በጣም ያናድደኛል። ለጠየቀሽ ሰው በውስጥ መስመር ንገሪው፣ ዳር ዳሩን እንዲሄድም አደራ በይው።

የቅዳሜ ጉም፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የምስሯን ነገር በዚሁ ሳምንት እሞክራታለሁ፣ ስሙንም አልጽፍም፣ ወስኛለሁ። አሁን መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ጉም ማንሳት አስቤ ነበር፣ ፅዶቹ የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ናቸው ሲሉ እሰማለሁና ግንዳቸውን በቅርብ ማየት እፈልጋለሁ። በሰበታ ነው በሆለታ የሚሻለው? አብሮኝ የሚሄድ ካለም ደስ ይለኛል።

ሰፊው ሌንስ፦
በሰበታ በኩል ሂጂ። መጨረሻው ኮረኮንች ስለሆነ ዝናብ ካደረ ትንሽ መኪና ያስቸግራል። ጫካ ውስጥ ፀሐይ ባይኖር ነው የሚሻለው፣ ስለዚህ ደመና ነው ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ፖላራይዘር (ሌንስ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ) ካለሽ ያዢ፣ የእርጥብ ቅጠሉን ነጭ ነፀብራቅ ቀንሶ አረንጓዴውን ያወጣልሻል። እኔና ባለቤቴ የዛሬ ሳምንት ነፃ ነን፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።