ባሕር አይተው ለማያውቁ የ7ኛ ክፍል ልጆች ጥልቅ ባሕርን ከምን ልጀምርላቸው?

ቲቸር_ፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ለክበባት በተሰጠን ሳምንት የሳይንስ ክበቡ ልጆች ጥልቅ ባሕርን መርጠዋል። ምክንያቱ አይጠፋኝም፤ ግንባሩ ላይ መብራት የተንጠለጠለበትን ዓሣ ቲክቶክ ላይ አይተዋል፣ የሰመጠችውን ታይታኒክን ሊያይ ወርዶ የተጨፈለቀውን ታይታን የተባለ ሰርጓጅ መርከብም ሰምተዋል።

ችግሬ ሌላ ነው። ባሕር በዓይኑ ያየ ልጅ የለም ማለት ይቻላል፤ ውኃ ሲባል ቢሾፍቱና ሐዋሳ ናቸው የሚመጡባቸው። “4,000 ሜትር” ስል አንዱ ተነሥቶ “ቲቸር፣ ከዚህ ሜክሲኮ አልፎ ማለት ነው?” አለኝ። ርቀቱን ልክ ነው፣ ግን ወደ ጎን ነው ያሰበው። ቁልቁል አልመጣለትም።

ከዓሣዎቹ ልጀምር? ከታሪኩ? ኢንተርኔት የሚፈልግ ነገር ባትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ፕሮጀክተሯም ብትሆን በወረፋ ናት።

የማታ_ተማሪ
እህቴ ለሚኒስትሪ አይመጣም እኮ። በዚያ ሳምንት ሒሳብ ብትከልሱላቸው ወላጅ ይመርቃችኋል።

ሞተር_ክፍል
የላይኛውን አትስሚው። ባሕር ዳር ሠልጥኜ የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው፣ አሁን ዕረፍት ላይ አራት ኪሎ ነኝ። ከዓሣ አትጀምሪ። ዓሣው የትም አይሄድም፤ ልጆቹ እሱን ሲጠብቁ ሌላውን ያዳምጡልሻል። ከግፊት ጀምሪ፣ እሱንም ከአዲስ አበባ።

እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የአየሩ ግፊት እዚያ ታች ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ቢሆን ነው። ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ዘመድ ያለው ልጅ ፈልጊ፤ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እዚህ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋና ይላክ። አዋሽ ሰባት ላይ ጎኑ ገብቶ፣ ተጨማድዶ ይገኛል። ማንም አልጨመቀውም፣ አየሩ ነው። እዚያው ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ሙሉ የአየር ግፊት ይጨመራል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ ቁልቁል ወርደን የምናገኘውን የግፊት ልዩነት ባሕሩ በ2 ሜትር ተኩል ይጨርሰዋል። ይህን ስትነግሪያቸው ቆም በይ፣ ራሳቸው ያስሉት። ማሪያና ትሬንች ውስጥ ቻሌንጀር ዲፕ የሚባለው የውቅያኖስ ጥልቁ ቦታ 10,900 ሜትር ይሆናል። እዚያ በአንዲት የአውራ ጣት ጥፍር ላይ አንድ ቪትዝ ቆሞባታል በያቸው።

ለ“ቁልቁል አልመጣለትም” ደግሞ ሲባጎ ግዢ፣ 11 ሜትር። አንድ ሴንቲሜትሩ 10 ሜትር ይሁን። ፎቅ ካላችሁ ከላይኛው በረንዳ ይንጠልጠል። የአየር ሲሊንደር አዝሎ የሚጠልቅ ዋናተኛ የተለመደ ወሰኑ 40 ሜትር ነው፤ ሲባጎው ላይ 4 ሴንቲሜትር ብቻ! 20 ሴንቲሜትሩ ላይ ለተክል የሚበቃ ብርሃን ያልቃል፣ አንድ ሜትሩ ላይ የፀሐይ ብርሃን ጭራሹን የለም። ታይታኒክ 3 ሜትር ከ80 ላይ ናት። ቀሪው ሰባት ሜትር ሁሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ራስ ዳሸንን ገልብጣችሁ ብትከቱት 4 ሜትር ተኩል ላይ ይቀራል፣ ሁለት እጥፍ ብታደርጉትም ታች አይደርስም።

ታሪክ ካስፈለገሽ አንድ ይበቃል፦ ትሪየስት የተባለችው ሰርጓጅ። እ.ኤ.አ. በጥር 1960 ዣክ ፒካርና ዶን ዋልሽ በእሷ ቻሌንጀር ዲፕ ድረስ ወረዱ። የተቀመጡባት ወፍራም የብረት ኳስ ቤንዚን በተሞላ ትልቅ ታንክ ሥር ነበር የተንጠለጠለችው። ቤንዚን ከውኃ ይቀላል፣ እንደ አየርም አይጨመቅም፤ ስለዚህ ተንሳፋፊ ሆነ። ለመመለስ የጫኑትን የብረት ፍንጣሪ ለቀቁ፣ አለቀ። መውረጃው ወደ አምስት ሰዓት ፈጀ፣ ታች የቆዩት 20 ደቂቃ ገደማ ነው። በመንገድ ላይ አንድ የውጭ መስኮት ተሰነጠቀ፤ እነሱ ግን መውረዳቸውን አላቆሙም። (እኔ ብሆን አቁሜ ነበር።)

ድንጋይ_ሰባሪ
ሞተር_ክፍል ጥሩ ብሏል፣ ግን አገራችንን ረሳት። ጂኦሎጂ ነው ያጠናሁት። የውቅያኖስ ወለል የሚወለደው መሬት ተሰንጥቆ ከሥር ቅልጥ ዐለት ሲወጣ ነው። ይህ በአብዛኛው የሚሆነው ከውኃ በታች በመሆኑ የሌላ አገር ተመራማሪ ሰርጓጅ ያዘጋጃል። እኛ አፋር አለን። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ዳባሁ አካባቢ መሬቱ በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተከፈተ፣ አንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ጥቂት ቀናት ነው የፈጀው። የዳናኪል ዝቅታ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት የቀይ ባሕር ውኃ ገብቶበት ነበር፣ ጠርዙ ላይ ዛሬም የኮራል ቅሪት አለ። አሞሌው ከየት የመጣ ይመስልሻል?

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አባይ በረሃ ላይ የቀንድ አውጣ ቅሪት ያለበትን ኖራ ድንጋይ “ጥልቅ ባሕር ነበር” ብለው የሚያስተምሩ አሉ። ባሕር ነበር፣ ጥልቅ ግን አልነበረም። አታቀላቅዪው።

ሞተር_ክፍል
ይሄን ተቀብያለሁ። ከአፋሩ ጋር የሚሄድ አንድ ልጨምር። አዲስ አበባ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ባቄላችን የሚዘገየው ለዚህ ነው። ግፊት ሲቀንስ ቶሎ ይፈላል፣ ሲጨምር ይዘገያል። እ.ኤ.አ. በ1977 ጋላፓጎስ አጠገብ 2,500 ሜትር ላይ ከወለሉ ስንጥቅ ሙቅ ውኃ ሲወጣ አልቪን በምትባል ሰርጓጅ አገኙ፤ ዙሪያው ፀሐይ የማያስፈልጋቸው ትሎችና ቀንድ አውጣዎች ሞልተዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ አቅራቢያ (አገሩን ነው፣ አደባባዩን አይደለም) ከ350 ዲግሪ በላይ የሆነ ተገኘ። ያ ሁሉ ሙቀት ይዞ አይፈላም! ቦይለር ስለምጠብቅ ይሆናል፣ እኔን ከዓሣው ይልቅ ይሄ ነው የሚገርመኝ።

ቲቸር_ፒያሳ
እግዜር ይስጥልኝ። ሲባጎውን ለርዕሰ መምህራችን ነግሬያቸው ፈቅደዋል፣ ልጆች በረንዳው ላይ እንዳይንጠላጠሉ ብቻ አስጠንቅቀው። አንድ ጥያቄ ግን በእርግጠኝነት ይመጣብኛል፦ ቪትዝ ከቆመበት ዓሣው ለምን አይጨፈለቅም?

ሞተር_ክፍል
ታይታን የተጨፈለቀው ውስጡ አየር ስለነበረ ነው። ውኃ ግን እምብዛም አይጨመቅም፣ የጥልቁ ዓሣም አካሉ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ አብዛኛው የሚጨመቅ የአየር ከረጢት የለውም፣ ከውስጥም ከውጭም ግፊቱ እኩል ይሆናል። ቢሆንም ወሰን አለው፤ እስካሁን በካሜራ የታየው ጥልቁ ዓሣ ጃፓን አጠገብ 8,336 ሜትር ላይ ነው። እንደ ቡሃቃ ሊጥ የተዝረከረከውን “አስቀያሚ ዓሣ” ካመጡብሽ ደግሞ ያ ወደ ላይ ሲጎተት የተበላሸ ነው፣ ቤቱ ሳለ እንደማንኛውም ዓሣ ነው በያቸው።

ሲባጎውን የጥጥ አድርጊው፣ ናይሎን ይለጠጣል። ጫፉ ላይ ብሎን እሰሪበት፣ ምልክቶቹን ብሎኑ ተንጠልጥሎ እያለ አድርጊ።