ቤንች ፕሬስ 30 ኪሎ ላይ ተገትሬያለሁ፣ መላ በሉኝ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ጂም ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ከወንድሜ ጋር ነው የምሠራው። ፕሮግራማችን አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ ዙሩም አንድ። እሱ ቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) 80 ኪሎ ደርሷል። እኔ ይኸው ሁለት ወር ሙሉ 30 ላይ ነኝ።

አሠልጣኙ «አንቺ ቴስቶስትሮን የለሽም፣ ካርዲዮ (ሩጫ ምናምን) ይሻልሻል» ብሎ ገላገለኝ። እውነት ነው፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን የወንድ ከሴት ከ10 እጥፍ በላይ ነው። ክብደት ካነሱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ከፍ የሚለውም በአብዛኛው የእነሱ ነው፤ የእኛ እምብዛም አይነቃነቅም። ግን ጡንቻ የሚያሳድገው ያ የአፍታ ጭማሪ እንዳልሆነ አንብቤያለሁ። ከየመነሻችን በመቶኛ ሲሰላ ደግሞ የሴትም የወንድም ጡንቻ እድገት ተቀራራቢ ነው። እግሬማ ምስክር ነው፤ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ) ላይ እየጨመርኩ ነው።

የጠረጠርኩት ሌላ ነው። ጂማችን ውስጥ ትንሿ ፕሌት (ብረቱ ጫፍ ላይ የምትገባው ክብደት) 2.5 ኪሎ ናት። በግራና በቀኝ ስትገባ 5 ኪሎ። ለወንድሜ 80 ላይ 5 ምንም አይደለም፤ ለእኔ 30 ላይ ግን አንድ ስድስተኛ ነው! 35ቱን ደረቴ ላይ አውርጄ ስገፋ ግማሽ መንገድ ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። ወንድሜ እየሳቀ ያነሳልኛል።

ደግሞ በዙሮች መካከል እሱ ቁና ቁና ሲተነፍስ እኔ በደቂቃ ውስጥ ዝግጁ ነኝ። ታዲያ ዙር ልጨምር? ወይስ በ30 ኪሎ ድግግሞሹን ከ8 ወደ 12 ላድርስ? የግማሽ ኪሎ ፕሌት አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? አሸዋ በጨርቅ ቋጥሬ ባንጠለጥልስ ያስቅብኛል? እህቶች፣ እንዲህ ገጥሟችሁ ከሆነ እንዴት አለፋችሁት?