በኮድ የከፈትኩት የቴሌግራም ሚኒ አፕ ሴሽን ቶሎ ይሞትብኛል፣ እንዴት ላቆየው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ምግብ ቤት የማዘዣ ቦት ሰርቼ ሚኒ አፑን (ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈተውን ድረ ገጽ) በስክሪፕት እየሞከርኩት ነው፣ በፓይተን፣ በቴሌቶን (የቴሌግራም ላይብረሪ)። መስኮቱን የሚከፍተውን ሪኩዌስት ዌብ ቪው ስጠራ ሊንኩም ኩዌሪ አይዲውም (የተከፈተው መስኮት መለያ) ይመጣል። ግን ስክሪፕቱ ምግብ መርጦ፣ አድራሻ ሞልቶ «እዘዝ» እስኪል ትንሽ ከቆየ፣ ቦቱ ማረጋገጫውን በአንሰር ዌብ አፕ ኩዌሪ ሊልክ ሲል አይዲው ልክ አይደለም ይባላል። በስልኬ ስከፍተው ግን ብቆይም ችግር የለም። ምኑ ነው የጎደለኝ?

መልስ 1፦
ሰርቨርህ ምንም አልሆነም። ስልክህ ላይ የሚሰራው የቴሌግራም አፑ ራሱ ከጀርባ ሆኖ መስኮቱ ገና ክፍት መሆኑን እየደጋገመ ስለሚያሳውቅልህ ነው። በስክሪፕት ስትከፍት ያንን የሚያደርግልህ የለም፣ ራስህ ነህ የምታደርገው። ሜተዱ ፕሮሎንግ ዌብ ቪው ይባላል፣ በየ60 ሰከንዱ ጥራው። ፒሩ (መስኮቱ የተከፈተበት ቻት)፣ ቦቱና ኩዌሪ አይዲው መጀመሪያ ከነበሩት ጋር አንድ ይሁኑ፤ ሪፕላይ ከነበረበትም እሱንም ድገመው። ኩዌሪ አይዲ ኢንቫሊድ የሚል ስህተት ከመጣ ግን አትታገል፣ አልቆለታል፣ እንደ አዲስ ክፈት።

መልስ 2፦
በዚያ ላይ ፕሮሎንጉን በየ60 ሰከንዱ የሚጠራውን ሉፕ ለብቻው ታስክ አድርገው፣ በአሲንክአይኦ ስሊፕ። ተራውን ታይም ስሊፕ ከተጠቀምክ ፕሮግራሙ በሙሉ ቀጥ ይላል፣ ቴሌቶንም አብሮ ይቆማል። ትዕዛዙ ሲያልቅ ታስኩን ካንስል ማድረግ አትርሳ፣ አለበለዚያ ለሞተ መስኮት ስትጠራ ትውላለህ።

ጠያቂው፦
ተባረኩ፣ ማረጋገጫው መጣ! አሁን ደግሞ ረዘም ሲል የራሴ ሰርቨር «ኢኒት ዳታው (ሚኒ አፑ ሲከፈት ቴሌግራም የሚሰጠው የተጠቃሚው መረጃ) አርጅቷል» ብሎ ይመልሰኛል። ፕሮሎንጉ እየሰራ ለምን?

መልስ 1፦
ሁለቱ አይገናኙም። ፕሮሎንግ የሚያቆየው ኩዌሪ አይዲውን ብቻ ነው። ኢኒት ዳታው ውስጥ ያለው ኦውዝ ዴት (የሰዓት ምልክት) መስኮቱ ሲከፈት የተጻፈው ነው፣ ስንቴም ብታራዝም አይታደስም። የእድሜ ገደቡን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ግን እባክህ ገደቡን አታንሳው፤ ካነሳኸው አንዴ የሾለከ ኢኒት ዳታ ያገኘ ሰው ሁሉ ሁሌም በደንበኛው ስም ይገባል። ይልቅ ደንበኛው መጀመሪያ ሲገባ ሃሹን (ኢኒት ዳታው እውነተኛ መሆኑን የሚያሳየውን ኮድ) አረጋግጥና የራስህን ሴሽን ቶክን ስጠው፣ ከዚያ በኋላ በእሱ ይቀጥል። ሃሹ የሚረጋገጠው በቦት ቶክኑ (የቦቱ ሚስጥራዊ ቁልፍ) ስለሆነ ስራው ሰርቨር ላይ ብቻ ይሁን፣ ቶክኑ ሚኒ አፑ ጃቫስክሪፕት ውስጥ በፍጹም እንዳይገባ።